የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት የማን ነው?

 

አንድ መኖሪያ ሰፈር ሰፈር የሚባለው ምን ምን ሲሟላለት ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ ብዙም አያከራክረንም። ውሃ፣ መብራት፣ መንገድ፣ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ መስጊድ፣ ገበያ እያልን እንቆጥራለን። ቤተ መጻሕፍትን ከነዚህ ጋር አብሮ የሚቆጥር ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። ቤተ መጻሕፍት ሲባል ለብዙዎቻችን ወደ ሐሳባችን የሚመጣው በታክሲ ተሳፍረን የምንሄድበት፣ ፈተና ሲደርስ በተማሪ የሚጨናነቅ፣ በመሐል ከተማ የቆመ ትልቅ ሕንፃ ነው። ከቤት ወጥቶ በእግር የሚደረስበት፣ እናት ልጇን ይዛ የምትገባበት፣ ሽማግሌው ጋዜጣ የሚያነብበት፣ ሁሉም መጽሐፍ ተውሶ ወደ ቤቱ የሚወስድበት የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ሌላ ነገር ነው።

ይህ ዓይነቱ ቤት ከውሃና ከመንገድ እኩል የሚታይባቸው አገሮች አሉ። ይሁን እንጂ ያገኙት ባለጸጋ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ክርክር፣ ሙግት፣ እስርም ያለበት ታሪክ አለው። በዚህ ጽሑፍ በተለይ የምንመለከተው በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ዳርቻ በምትገኘው በአሌክሳንድሪያ የሆነውን ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ነገሩ ከየት እንደተነሣ ማየት ያስፈልጋል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ከግብር የተቆረሰች ግማሽ ፔኒ

በ1850 በእንግሊዝ ፓርላማ አንድ ረቂቅ ሕግ ቀረበ። ያቀረቡት ዊልያም ዩዋርትና ጆሴፍ ብራዘርተን የተባሉ የምክር ቤት አባላት ነበሩ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ከ10,000 በላይ ሕዝብ ያለው ከተማ ግብር ከፋዮቹን አስፈቅዶ፣ ከእያንዳንዱ ፓውንድ የንብረት ግምት ላይ ግማሽ ፔኒ እየሰበሰበ ለማንም ያለ ክፍያ የሚከፈት ቤተ መጻሕፍት ያቋቁም የሚል ነው።

ታዲያ ይህች ትንሽ ሐሳብ ምን ያህል ተቃውሞ ያስነሣች ይመስላችኋል? ሠራተኛው ማንበብ ከለመደ ለአመፅ ይነሣሣል ያሉ ነበሩ። ኮሎኔል ሲብቶርፕ የተባሉ አንድ የምክር ቤት አባል ደግሞ እርሳቸው ራሳቸው ማንበብ ፈጽሞ እንደማይወዱ፣ በኦክስፎርድ ተማሪ ሳሉም ይጠሉት እንደነበር ተናገሩ። አንድ ሰው የማይበላውን ምግብ ሌላው ሁሉ እንዲተወው ሲጠይቅ ማለት ነው። ሕጉ በመጨረሻ ጸደቀ፤ ነገር ግን ተሸራርፎ ነበር። በግብሩ ገንዘብ ሕንፃ መሥራትና ሠራተኛ መቅጠር ተፈቀደ፤ መጽሐፍ መግዛት ግን አልተፈቀደም። መጻሕፍቱን ደግ ሰዎች በስጦታ ያመጣሉ ተባለ። ይህ ጉድለት የታረመው በ1855 ነው፤ ያን ጊዜ ግማሽ ፔኒው ወደ አንድ ፔኒ ከፍ አለ፣ መጽሐፍ መግዛትም ተፈቀደ።

በዚህ ሕግ መሠረት ማንቸስተር በሴፕቴምበር 1852 ቤተ መጻሕፍቷን ስትከፍት የመጀመሪያው ኃላፊ የሆነው ኤድዋርድ ኤድዋርድስ ነበር። ይህ ሰው በወጣትነቱ የግንበኝነት ሙያ የለመደ፣ በራሱ ጥረት ተምሮ በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀጥሮ የሠራ፣ ለሕጉ የሚያስፈልገውን ማስረጃ ለፓርላማው ኮሚቴ ያቀረበ ነው። ከከተማው ሹማምንት ጋር ባለመስማማቱ በ1858 ከሥራው ተባረረ፤ በ1886ም በድህነት ሞተ። የምክር ቤት አባላቱን ስም የሚጠቅሱ ብዙዎች ናቸው፤ የግንበኛውን ስም የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላነሣ ባልፍ አንባቢዬ ይታዘበኛል። ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቤተ መጻሕፍት በ1850 የተፈጠረ አዲስ ነገር አይደለም። የጂኦግራፊ ሊቁ ያቁት አል-ሐመዊ በአሥራ ሦስተኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በመርቭ ከተማ፣ በዛሬዋ ቱርክሜኒስታን፣ ሦስት ዓመት ያህል ተቀምጦ ነበር። በከተማይቱ አሥር የወቅፍ ቤተ መጻሕፍት እንደነበሩና ከነዚህም አንዱ 12,000 ያህል ጥራዝ እንደነበረው ጽፏል። መጻሕፍቱን የሚያውሱት እጅግ በቀላሉ ስለነበር ከ200 የማያንሱ ጥራዞች ምንጊዜም ከቤቱ አይጠፉም ነበር፤ ለአብዛኞቹም መያዣ አልተጠየቀም። ያቁት በልጅነቱ በባሪያነት ተሸጦ የባግዳድ ነጋዴ የገዛውና በኋላ ነጻ የወጣ ሰው ነው። በመርቭ የወቅፍ ቤቶች በር ላይ ግን ከየት መጣህ፣ የማን ነበርክ ብሎ የመለሰው የለም። ሞንጎሎች ሲመጡ ያቁት ሸሸ፤ በ1221 መርቭ ስትወድም መጻሕፍቱም አብረዋት ጠፉ። ይህን ያነሣሁት ለመመካት አይደለም፤ ከዚህ በታች የምናየውን ነገር ለመመዘን ስለሚጠቅም ነው። የቤተ መጻሕፍት ታሪክ ሲጻፍ የመጻሕፍቱ ብዛት፣ የሕንፃው ውበት፣ የሰጪው ስም ይጻፋል። በሩ ላይ ማን እንደተመለሰ የሚጽፈው ግን ጥቂት ነው።

የሠራተኛው ልጅ ደብዳቤ

ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ እንሻገር። በዓለም ላይ ብዙ ቤተ መጻሕፍት ያሠራው ሰው አንድሩ ካርኔጊ በ1835 በስኮትላንድ ከሸማኔ ቤተሰብ ተወለደ። በ1848 ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሰደደና በፒትስበርግ አጠገብ በአሌጌኒ ሰፈረ። ልጁ የቴሌግራም መልእክተኛ ሆነ። በዚያች ከተማ ኮሎኔል ጄምስ አንደርሰን የተባሉ ሰው 400 ያህል መጻሕፍት ነበራቸውና ቅዳሜ ቅዳሜ ለሠራተኛ ልጆች ያውሱ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ እየሰፋ ሲሄድ ግን አዲስ ደንብ ወጣ። ያለ ክፍያ የሚዋሱት የእጅ ሙያ ለመማር የተቀጠሩ ልጆች ብቻ ሆኑ፤ ሌላው ሁለት ዶላር እንዲከፍል ተጠየቀ። ካርኔጊ ሙያ ተማሪ አይደለምና ተመለሰ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በነበረበት በ1853 ስሙን ሳይጠቅስ ሠራተኛ ልጅ ነኝ ብሎ ለአንድ የፒትስበርግ ጋዜጣ ተቃውሞ ጻፈ። ክርክሩ በጋዜጣው ላይ ቀጠለና ደንቡ ተለወጠ፤ በሩም ተከፈተለት።

ይህ ልጅ በብረት ሥራ ከዓለም ባለጸጎች አንዱ ከሆነ በኋላ ከ2,500 በላይ ቤተ መጻሕፍት የሚሠሩበትን ገንዘብ ሰጠ። ከነዚህም ከ1,600 በላይ የሆኑት በአሜሪካ ናቸው። አሰጣጡ ብልሃት ነበረው። ከተማው መሬቱን ይሰጣል፤ በተጨማሪም ከተሰጠው ገንዘብ አንድ አሥረኛውን በየዓመቱ ከግብር ለማስኬጃ እንደሚመድብ ቃል ይገባል። 10,000 ዶላር የተቀበለች ከተማ በየዓመቱ 1,000 ዶላር ማውጣት አለባት ማለት ነው። ቤቱ የሀብታሙ ምጽዋት ሆኖ እንዳይቀር፣ ነዋሪው የኔ ነው እንዲለው ያደረገው ይህ ግዴታ ነው። እድርም ሆነ የልማት ኮሚቴ ሕንፃ ለማሠራት ገንዘብ የሚያሰባስብ ሁሉ ይህችን አንድ አሥረኛ ቢያስታውስ አይከፋም። ሕንፃ አሠርቶ ለጥበቃና ለመጽሐፍ ገንዘብ ያጣ ስንት ቦታ አይተናል!

ስለ ካርኔጊ በጎ በጎውን ብቻ ማውራት ግን ተገቢ አይሆንም። በሆምስቴድ የብረት ፋብሪካው በ1892 ሠራተኞች አድማ ሲመቱ ደም ፈሰሰ፤ ማኅበራቸውም ተሰበረ። በዚያው ስፍራ በ1898 ያማረ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተላቸው። በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ብረት ሲያቀልጥ የሚውል ሰው መቼ ሊያነብበት ነው? ይህን ጥያቄ ያነሡት ሠራተኞቹ ራሳቸው ነበሩ።

ከዚህ የባሰ ሌላ ጉድ ነበር። በ1902 በአትላንታ ከተማ በካርኔጊ ገንዘብ የተሠራው ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት ጥቁሮች እንዳይገቡ ተከለከሉ። ታዋቂው ምሁር ዱ ቦይስ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ወደ ባለ አደራዎቹ ሄዶ አቤት አለ። ግብር እንከፍላለን፤ ታዲያ ለምን እንከለከላለን? መልሱ ወደፊት የራሳችሁ ይሠራላችኋል የሚል ሆነ። የተባለው ቅርንጫፍ የተከፈተው በ1921 ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት! በ1902 ፊደል የቆጠረ ልጅ በ1921 የልጅ አባት ሆኗል።

ዳርቻ ላይ የተሠሩ ሰፈሮች

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንቅረብ። በመጀመሪያ ቤተ መጻሕፍት የመሐል ከተማ ነገር ነበር። ከተማው እየሰፋ፣ ሰዉ ወደ ዳርቻ እየወጣ ሲሄድ ግን መጽሐፉ ሰዉን መከተል ነበረበት። ቦስተን በ1871 ከወደቡ ማዶ በምትገኘው በኢስት ቦስተን የከፈተችው ቅርንጫፍ በአሜሪካ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ቤተ መጻሕፍት ነው። በ1905 ደግሞ በሜሪላንድ ሜሪ ቲትኮም የተባለች የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በፈረስ በሚጎተት ጋሪ ላይ መደርደሪያ አሠርታ መጽሐፍ ወደ ገበሬዎች ደጃፍ መላክ ጀመረች።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የዳርቻ ሰፈር በአሜሪካ እንደ እንጉዳይ ፈላ። አባወራው ጠዋት በመኪና ወደ ከተማ ሄዶ ማታ ይመለሳል፤ እናትና ልጆች ሰፈሩ ውስጥ ይውላሉ። በእነዚህ ሰፈሮች ቤትና መንገድ እንጂ አደባባይ የሚባል ነገር አልነበረም። ገንዘብ ሳይከፍሉ፣ ዕቃ ሳይገዙ፣ ማንም ምን ፈለግህ ሳይላቸው የሚቀመጡበት ስፍራ ቢኖር ቤተ መጻሕፍቱ ነበር። በ1956 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለገጠርና ለትናንሽ ከተሞች የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ገንዘብ መደበ። በ1964 ተሻሽሎ ለከተሞችም፣ ለሕንፃ ሥራም እንዲውል ሲደረግ በየዳርቻው አዳዲስ ሕንፃዎች ተሠሩ።

ነገር ግን ብዙዎቹ የዳርቻ ሰፈሮች ራሳቸው ጥቁር እንዳይገባባቸው ተደርገው የተሠሩ ነበሩ። በቤቱ የሽያጭ ውል ላይ ለጥቁር አይሸጥም የሚል አንቀጽ ይገባ ነበር። ይህን ዓይነቱን ውል ፍርድ ቤት ማስፈጸም እንደማይችል የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው በ1948 ነው፤ ከዚያም በኋላ ልማዱ ለብዙ ዓመት አልጠፋም። ሰፈሩ አጥር ካለው የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍትም አጥር ይኖረዋል። እንግዲህ የአሌክሳንድሪያ ታሪክ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ኩዊን ስትሪት፣ 1939

አሌክሳንድሪያ በፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ከዋሽንግተን በስተደቡብ፣ በቨርጂኒያ ግዛት የምትገኝ በ1749 የተቆረቆረች ከተማ ናት። በ1930ዎቹ የዋሽንግተን መሥሪያ ቤቶች ሲበዙ የመንግሥት ሠራተኛው ወደዚያ እየፈለሰ ይሰፍርባት ጀመር። ሕዝቧም ከ24 ሺህ ወደ 33 ሺህ ከፍ ያለው ከ1930 እስከ 1940 ባለው አሥር ዓመት ውስጥ ነው። ከ1794 ጀምሮ አባላት ገንዘብ እያዋጡ የሚጠቀሙበት የመጻሕፍት ማኅበር ነበራት፤ ለሁሉም የሚሆን ቤተ መጻሕፍት ግን አልነበራትም። በ1937 አንድ ባለጸጋ በእናቱ በዶክተር ኬት ዎለር ባሬት መታሰቢያነት ሕንፃ አሠራ። የመጻሕፍት ማኅበሩ መጻሕፍቱን ሰጠ፤ ከተማው ማስኬጃውን ከግብር ለመሸፈን ተስማማ። ቤቱ በኩዊን ስትሪት በኦገስት 1937 ተከፈተ። ለነጮች ብቻ።

በዚያው ሰፈር፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ብዙም ሳይርቅ ያደገ ሳሙኤል ታከር የሚባል ወጣት ጠበቃ ነበር። አሌክሳንድሪያ ለጥቁር ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላልነበራት በየቀኑ ወደ ዋሽንግተን እየተመላለሰ ነው የተማረው። የሕግ ትምህርት ቤት ሳይገባ በአንድ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ መጽሐፍ እያነበበ ሕግ አጠና፤ የጥብቅና ፈተናውን ሲያልፍ ገና ሃያ ዓመቱ ነበር። በመጽሐፍ ብቻ ለሙያ የበቃ ሰው ነው እንግዲህ በሰፈሩ ያለው የመጻሕፍት ቤት የተዘጋበት።

በማርች 1939 ታከር ከጦር ሠራዊት በጡረታ ከተገለሉት ከሳጅን ጆርጅ ዊልሰን ጋር ሆኖ ወደ ኩዊን ስትሪት ሄደና የመዋሻ ካርድ እንዲሰጣቸው ጠየቀ። አይሆንም ተባሉ። ታከር በሳጅኑ ስም ፍርድ ቤት አቤቱታ አቀረበ። ነገሩ ሲጓተት ሌላ መንገድ አሰበ። ጥቂት ወጣቶችን ሰብስቦ ምን እንደሚለብሱ፣ ምን እንደሚናገሩ፣ ሲቆጧቸው እንዴት እንደሚሆኑ አሠለጠናቸው።

ኦገስት 21 ቀን 1939 አምስት ወጣቶች ልብሳቸውን አሳምረው መጡ። ዊልያም ኢቫንስ፣ ኦቶ ታከር፣ ኤድዋርድ ጋዲስ፣ ሞሪስ መሪ እና ክላረንስ ስትሬንጅ ይባላሉ። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 22 ነው። አንዱ ገብቶ በትሕትና ካርድ ጠየቀ። ተከለከለ። ምንም ሳይመልስ ከመደርደሪያ አንድ መጽሐፍ አንሥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ማንበብ ጀመረ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሁለተኛው ገባ፤ እርሱም ጠየቀ፣ ተከለከለ፣ መጽሐፍ አነሣ፣ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው እንዲሁ። እያንዳንዱ ለየብቻው ጠረጴዛ ይዞ ያለ ንግግር ያነባል። ለየብቻ የተቀመጡት በወሬ ረበሹ እንዳይባሉ ነው። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ደግሞ የሆነውን እያየ ወደ ታከር ቢሮ ይሮጥና ይነግራል። ታከር አብሯቸው ያልገባው እርሱም ከታሰረ የሚከራከርላቸው ስለማይኖር ነው።

እስቲ አስቡት! አምስት ሰዎች ዝም ብለው መጽሐፍ እያነበቡ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች ተጨነቁ፤ የከተማው አስተዳዳሪ ተነገረው፤ ፖሊስ ተጠራ። ፖሊሱ ውጡ አላቸው። ኢቫንስ ባንወጣስ ምን ይሆናል ብሎ በእርጋታ ጠየቀ። ትታሰራላችሁ ተባሉ። ፖሊስ ይዟቸው ሲወጣ በደጁ 300 ያህል ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ ታከር አስቀድሞ የጠራቸው ፎቶግራፍ አንሺዎችም እዚያ ነበሩ። አምስቱ በፖሊስ ታጅበው ሲወጡ የተነሡት ፎቶግራፍ ዛሬም አለ። ክራባት ያሰሩ፣ ኮፍያ የያዙ፣ ፊታቸው የረጋ ወጣቶች ናቸው።

ከዚያ በኋላ የከተማው ዐቃቤ ሕግ ችግር ላይ ወደቀ። በምን ይክሰሳቸው? ጸጥታ በማደፍረስ ተከሰሱ። ታከር ፖሊሶቹን መስቀለኛ ጥያቄ ጠየቃቸው። ጮኸዋል? አልጮኹም። ተሳድበዋል? አልተሳደቡም። አለባበሳቸው ሥርዓት ያለው ነበር? ነበር። ጥቁር ባይሆኑ ኖሮ ይታሰሩ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ያለ መልስ ቀረ። ዳኛው ቢፈርዱ ሕጉ አይደግፋቸውም፤ ቢለቋቸው ከተማው ይቆጣል። ስለዚህ ነገሩን አቆዩት፤ ፍርድም ሳይሰጥበት ቀረ።

የሳጅን ዊልሰን አቤቱታ ግን በጃንዋሪ 1940 ውሳኔ አገኘ። ዳኛው ማመልከቻው በደንቡ መሠረት አልተሟላም ብለው መዝገቡን ዘጉት፤ ነገር ግን የከተማውን ነዋሪ በቀለሙ ምክንያት ከቤተ መጻሕፍቱ ለመከልከል የሚያስችል ሕጋዊ ምክንያት እንደሌለ አያይዘው ገለጹ። ለከተማው ይህ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ቀጣዩ ሰው ማመልከቻውን አሟልቶ ቢመጣ በሩ መከፈቱ ነው።

ምክር ቤቱ ምን አደረገ? በሩን ከመክፈት ይልቅ ሌላ ቤት ለመሥራት ተጣደፈ። ለዓመታት ገንዘብ የለንም ይል የነበረ ከተማ በጥቂት ወራት ውስጥ ለጥቁሮች የሚሆን ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ሠርቶ በኤፕሪል 1940 ከፈተ። ስሙን በአንድ የቀድሞ ጥቁር ሰባኪ ስም ሮበርት ሮቢንሰን አለው። ቤቱ ከዋናው ያነሰ ነበር፤ የተሞላውም ባገለገለ ዕቃና ባገለገለ መጽሐፍ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ትናንት ምንም አልነበራቸውም፤ ዛሬ የራሳቸው ቤት አላቸው፤ ለልጆቻቸው መጽሐፍ አለ። ብዙዎች ተደሰቱ። ደስታቸውንም የሚነቅፍ ሰው ፍርደ ገምድል ነው፤ የተራበ ሰው ምን ዓይነት እንጀራ ነው ብሎ አይጠይቅም። ሰፈሩም ቤቱን ወደደው፤ ልጆች አደጉበት። ታከር ግን አልተደሰተም። በፌብሩዋሪ 1940፣ ቤቱ ገና ሳይከፈት፣ ለቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ ደብዳቤ ጻፈ። በኩዊን ስትሪት ባለው ቤት ለመጠቀም ማመልከቱን አስታወሰና በእርሱ ፈንታ አዲስ በሚሠራው ቤት የሚያገለግል ካርድ አሁንም ሆነ ወደፊት እንደማይቀበል አስታወቀ። ይህ ሰው ማንበብ የሚወድ ሰው ነው፤ መጽሐፉን ትቶ መርሁን ያዘ። እኔ በበኩሌ ሁለቱንም ወገን ለመፍረድ አልደፍርም። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፤ ሁለተኛው ቤት የተሠራው ለጥቁሮቹ ታስቦ ሳይሆን የመጀመሪያው በር እንደተዘጋ እንዲቆይ ታስቦ ነው። ቆየም። ኩዊን ስትሪት ሙሉ በሙሉ ለሁሉም ክፍት የሆነው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ወንበር የሌለው ቤተ መጻሕፍት

የአሌክሳንድሪያዎቹ ወጣቶች ያደረጉት ከሃያ ዓመት በኋላ በደቡቡ አሜሪካ ሁሉ ተደረገ። በማርች 1961 በሚሲሲፒ ዋና ከተማ በጃክሰን ዘጠኝ የቱጋሉ ኮሌጅ ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተፈቀደው ቤተ መጻሕፍት ገብተው በማንበባቸው ታሰሩ። አስቀድመው ወደ ጥቁሮቹ ቅርንጫፍ ሄደው እዚያ የማይገኙ መጻሕፍትን ጠይቀው ነበር፤ ወደ ሌላው ለምን መጣችሁ ሲባሉ መልስ እንዲኖራቸው ነው።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ዳንቪል ነው። እርሷም በቨርጂኒያ የምትገኝ ከተማ ናት። በ1960 ፍርድ ቤት ቤተ መጻሕፍቱን ለጥቁሮችም ክፈቱ ብሎ ሲያዝ ከተማው መጀመሪያ ቤቱን ጨርሶ ዘጋው። በኋላ ሲከፍተው ወንበርና ጠረጴዛውን ሁሉ አውጥቶ ነበር። ጥቁርና ነጭ አብረው እንዳይቀመጡ ማንም እንዳይቀመጥ ተደረገ። ነጩም ሽማግሌ ቆሞ ጋዜጣውን አነበበ፣ ነጯም እናት ልጇን አቅፋ ቆመች። ጎረቤትን ለመከልከል ሲሉ የራስን ወንበር ማጣት ይህ ነው።

ሳሙኤል ታከር በጦርነቱ ጊዜ በጣሊያን ግንባር በመኮንንነት ከተዋጋ በኋላ ወደ ጥብቅናው ተመልሶ በ1968 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የትምህርት ቤቶችን መለያየት በሚመለከት ትልቅ ሙግት ረታ። በ1990 አረፈ። ዛሬ በአሌክሳንድሪያ በስሙ የተሰየመ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። በልጅነቱ የሚማርበት ሁለተኛ ደረጃ ያጣባት ከተማ ማለት ነው። የሮቢንሰን ቤተ መጻሕፍት ሕንፃም የከተማዋ የጥቁሮች ታሪክ ሙዚየም አካል ሆኗል።

በ2019 ድርጊቱ የተፈጸመበት ሰማንያኛ ዓመት ሲታሰብ የቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች የቆየውን መዝገብ አገላበጡ። ያገኙት ነገር አስገረማቸው፤ በአምስቱ ወጣቶች ላይ የቀረበው ክስ በፍርድ ተዘግቶ አያውቅም። ለሰማንያ ዓመት ጸጥታ በማደፍረስ እንደተከሰሱ ነበሩ። በኦክቶበር 2019 ፍርድ ቤቱ ክሱን ሰረዘ፤ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ በሰላም ተቀምጦ መጽሐፍ ማንበብም ጸጥታ ማደፍረስ እንዳልሆነ በትእዛዙ ላይ አሰፈረ።

አሌክሳንድሪያና በዙሪያዋ ያሉት የሰሜን ቨርጂኒያ ከተሞች ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ናቸው። የአሌክሳንድሪያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚልኩትን መልእክት ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ከአንባቢዎቻችን መካከል በዚያ አካባቢ እህት፣ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ያላችሁ ትኖራላችሁ። ስትደዋወሉ ስለ ኑሮ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት ኪራይ ከተጠያየቃችሁ በኋላ ልጆቹ የሰፈሩን ቤተ መጻሕፍት ያውቁት እንደሆነ ጠይቁልን። በኩዊን ስትሪት ያለው ቤት ዛሬም በዚያው ስም ቤተ መጻሕፍት ነው። የከተማዋ ነዋሪ ካርድ ለማውጣት የሚጠየቀው መታወቂያና በከተማዋ እንደሚኖር የሚያሳይ ወረቀት ነው፤ ክፍያ የለውም።